ድግሱ የእናንተ፣ ፊልሙ የሌላ

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ የባህል ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ሁሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአልጀርሱን ፌስቲቫል ፊልም እንድታሳዩን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው። ማስታወቂያ፣ መዝሙር፣ የሠርግ ዘፈን፣ ብቻ የመጣውን እቀዳለሁ። ስቱዲዮዬ ከእናንተ ግቢ ብዙ አይርቅም፤ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የካቲት ላይ የመሪዎች ጉባኤ ሲሆንና መንገድ ሲዘጋ፣ ዕቃዬን በጀርባዬ አዝዬ በውስጥ ለውስጥ የምሾልክ ሰው ነኝ። ጎረቤት ነን ማለት ይቻላል። ጎረቤት ለጎረቤቱ ደብዳቤ አይጽፍም፤ አንኳኩቶ ይገባል። የእናንተ በር ግን ባጅ ስለሚጠይቅ በጽሑፍ መጣሁ።

የመጣሁት ስለ አንድ የቆየ ድግስ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 21 እስከ ኦገስት 1 ቀን 1969 አልጀርስ ላይ የመጀመሪያው የመላ አፍሪካ የባህል ፌስቲቫል ተካሄደ። በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 1961 የጀመረው መሆኑ ነው። ያን ዕለት የዓለም ጆሮ ሌላ ቦታ ነበር። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው በዚያው ሌሊት ነው። አልጀርስ ግን ቀና ብላ ጨረቃ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። መንገዷ በዘፋኝ፣ በጨፋሪና በከበሮ ተሞልቶ ነበር።

ቤቷን የከፈተችው አልጄሪያ ናት። ከፈረንሳይ ነፃ ከወጣች ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። ድግሱ የተጠራው ግን በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስም ነው። የድርጅቱ መቀመጫ አዲስ አበባ ነበር። ወራሹ ደግሞ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገር፦ ይህ የእናንተ ድግስ ነው። ፊልም ተሠርቶለታል፤ ፊልሙም አሁን ድረስ አለ። እኔ ግን በኖርኩባት በዚህች ከተማ አንድም ቀን ሲኒማ ቤት በር ላይ ተለጥፎ አላየሁትም።

ፊልሙን የሠራው ዊልያም ክላይን ነው። ኒው ዮርክ ተወልዶ ፓሪስ የኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በ96 ዓመቱ ያረፈ ሰው። ስሙ መጀመሪያ የወጣው በፎቶ፣ በተለይም በፋሽን መጽሔት ፎቶዎቹ ነው። የፋሽን ሰው እዚያ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። የአልጄሪያ መንግሥት ሥራውን ሰጠው፤ እሱም ብዙ የካሜራ ባለሙያዎች ይዞ ከተማዋ ውስጥ ተበተነ። ስለዚህ ፊልሙ መድረክ ላይ ብቻ የተተከለ አይደለም። ሰልፉ አለ። የሌሊት ልምምዱ አለ። ክርክሩ አለ። መሀል ላይ የቅኝ ግዛት ዘመን ምስሎች ይገባሉ። የነፃነት ታጋዮች ቀርበው ይናገራሉ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል መፈክር ይወጣል።

እኔ ያየሁት በፍላሽ ነው። ክረምት ነበር። ሳክስፎን የሚጫወት ጓደኛዬ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዱ የሰጠውን ፍላሽ ይዞ ስቱዲዮዬ መጣና፣ «ዛሬ ሥራ የለም፤ ይህን ነው የምናየው» አለኝ። ላፕቶፑን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካነው። ሻይ አስመጣን። እሱ መጀመሪያ መፈክር ሲበዛበት ማዛጋት ጀመረ። እኔም እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። ንግግሩ ብዙ ነው። የተተረጎመልን በግርጌ ጽሑፍ ስለሆነ ዓይን ይደክማል።

ከዚያ አርቺ ሼፕ መጣ።

ሼፕ አሜሪካዊ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። አልጀርስ ላይ ከበረሃ ከመጡ የቱዋሬግ ሙዚቀኞች ጋር ተጫወተ። አስቡት፤ እነሱ ከበሮአቸውን ይዘው በለመዱት መንገድ ይሄዳሉ። አንድ መለከት የመሰለ የትንፋሽ መሣሪያ ከላይ ይጮኻል። እልልታ አለ፤ እልልታው ሠርግ ቤት የምቀዳው እልልታ ነው፣ አንድም አይለይም። በዚህ ሁሉ መሀል የሼፕ ሳክስፎን ይገባል። ቅኝቱ አይገጥምም። ቲዚታ አይሉት ባቲ፣ ብሉዝ አይሉት ሌላ። በእኔ ሥራ ይህ ስህተት ነው፤ አስቁሜ «እንደገና» የምለው ዓይነት። ግን ከበሮው አይቆምም። ሳክስፎኑም አያፈገፍግም። ቀስ በቀስ ማን ማንን እንደሚከተል ይጠፋችኋል።

ጓደኛዬ ሻዩን አስቀመጠ። «ይሄ ሰውዬ እየተጫወተ አይደለም፤ እየተዋወቀ ነው» አለ።

ከዚያ መብራት ድርግም። ላፕቶፑ በባትሪ ጥቂት ሄደ፤ ድምፅ ማጉያው ግን ስለጠፋ ሙዚቃው በዚያች ሚጢጢ የላፕቶፕ ስፒከር እንደ ትንኝ ይጮህ ጀመር። ሁለታችንም ጆሯችንን ኪቦርዱ ላይ ደፋን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ በጨለማ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን። ከዚያ ባትሪውም አለቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ቀረ። የቀረውን ያየነው በሳምንቱ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። የድርጅታችሁ ትልቁ የባህል ሥራ በፍላሽ፣ በዘመድ እጅ፣ በባትሪ መታየት የለበትም ለማለት ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ዘፋኝ ሚሪያም ማኬባ አለች። እሷን ሳይ የራሴን ቤተሰብ ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ምክንያት አለኝ። ግንቦት 1955 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ድርጅቱን ሲመሠርቱ መጥታ የዘፈነችው እሷ ናት። የእናንተ የልደት ቀን ዘፋኝ በሏት። ደቡብ አፍሪካ ፓስፖርቷን ከሰረዘች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነባትን ደግሞ ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ ከፍ ካለች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የነበረውን ስቶክሊ ካርማይክልን አገባች። አገባችና ኮንሰርቶቿ ተራ በተራ ተሰረዙ። ባልና ሚስቱ ጊኒ ገቡ። አልጀርስ ላይ የምናያት ሴት እንግዲህ አገሯ ያባረራት፣ ሁለተኛ አገሯም ፊቱን ያዞረባት ሴት ናት። ፊልሙ ይህን ታሪክ ቁጭ ብሎ አይተርክም። ስትለማመድ ያሳያል፤ ሙዚቀኞቿን ስታስተካክል። ለድምፅ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስል የለም። ዘፋኝን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ልምምድ ላይ እዩት፤ መድረክ ላይ ሁሉም ያምራል።

አሜሪካዊቷ ኒና ሲሞንም በዚያ ፌስቲቫል ዘፍናለች። ብላክ ፓንተር የሚባለው የአሜሪካ ጥቁሮች ፓርቲ ሰዎችም መጥተዋል። ከመሪዎቻቸው አንዱ ኤልድሪጅ ክሊቨር ከአሜሪካ ሸሽቶ በኩባ አድርጎ አልጀርስ የገባው ያን ሰሞን ነው። ዲዱሽ ሙራድ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ቤት ተሰጣቸው። የፓርቲያቸውን ሠዓሊ የኤሞሪ ዳግላስን ሥዕሎች ለጠፉ፤ ያገሩ ወጣት ደጃፉ ላይ ይጋፋ ነበር።

ታጋዮቹ ግን የፊልሙ ሌላ ግማሽ ናቸው። ያን ጊዜ አንጎላ፣ ሞዛምቢክና ጊኒ ቢሳው በፖርቱጋል እጅ ናቸው። ዚምባብዌ ገና ሮዴዥያ ትባላለች። ናሚቢያን ደቡብ አፍሪካ ይዛታለች። ማንዴላ ሮበን ደሴት ታስረዋል። ወታደራዊ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1962 የት ወሰዱ? አንዱን ሞሮኮ ውስጥ ከአልጄሪያ ታጋዮች ጋር፣ ሌላውን እዚሁ ኮልፌ። የእኛ ሰፈር ልጆች ኮልፌን የሚያውቁት በታክሲ ወረፋ ነው። አልጀርስና ኮልፌ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መገናኘታቸውን ብዙው አያውቅም። እንዲህ ያለ ፊልም ተመልካች ፊት ሲቀርብ ከፊልሙ በኋላ የሚነሣው ወሬ ይህ ነው፤ እኔም የምፈልገው እሱን ወሬ ነው።

በነገራችን ላይ ፌስቲቫሉ በተካሄደበት ዓመት እዚህ አዲስ አበባ ሌላ ታሪክ እየተሠራ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ሆኖ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። አለማየሁ እሸቴን አስቀዳ። ዛሬ ዓለም የሚሻማበት የእኛ ወርቃማ ዘመን ሙዚቃ ከዚያ ተነሣ። አልጀርስና አዲስ አበባ ያን ዓመት ተያይተው ነበር ማለቴ አይደለም። ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጌ ስሰማቸው ግን ናሱ አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው። ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። «አንተ ሁሉን ነገር ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ታገናኛለህ» ይለኛል። ተወው።

አሁን ደግሞ የፊልሙን ጉድለት ልናገር፤ ካልተናገርኩ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ፊልሙ የመንግሥት ሥራ ነው። ስለ ነፃነት አብዝቶ ይጮኻል። የጋበዙት የአልጄሪያው መሪ ሁዋሪ ቡመዲየን ግን እ.ኤ.አ. በ1965 በመፈንቅለ መንግሥት ነው ሥልጣን የያዙት። ታኦስ አምሩሽ የምትባል፣ ካቢል ከሚባለው የአልጄሪያ በርበር ሕዝብ የሆነች ታላቅ ዘፋኝ ነበረች። የእናቷን፣ የአያቶቿን ዘፈን ይዛ አውሮፓ ድረስ ያሰማች ሴት ናት። አልጀርስ የአፍሪካን ባህል ሁሉ ስትጠራ እሷን ግን በአልጄሪያ ስም መድረክ ላይ አላወጣቻትም። የምትዘፍንበት ቋንቋ በርበርኛ ነበራ። እሷ ግን መጣች፤ ለተማሪዎች ዘፈነች። ሺህ መፈክር ከምሰማ የዚያን ቀን ቀረጻ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላም አለ። ያን ጊዜ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ጊኒያዊው ዲያሎ ቴሊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1972 እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው ድርጅቱን መሩ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1977 ኮናክሪ ውስጥ ካምፕ ቦይሮ በሚባለው እስር ቤት በረሃብ እንዲሞቱ ተደረጉ። የእናንተ ዋና መሥሪያ ቤት የቆመው ደግሞ ዓለም በቃኝ የሚባለው ወህኒ በነበረበት መሬት ላይ ነው። ከአልጀርስ ሰልፍ አጠገብ እነዚህን ሁለት እስር ቤቶች አስቀምጡ። ፊልሙን ዝም ብሎ ማሳየት ሳይሆን ከፊልሙ በኋላ መብራት አብርቶ መነጋገር ያስፈለገኝ ለዚህ ነው። ያን መብራት እናንተ ካላበራችሁት ማን ያበራዋል?

እስቲ አንድ ሌላ ፊልም ላስታውሳችሁ። ከአልጀርስ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1966፣ የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት ሴንጎር ዳካር ላይ የመጀመሪያውን የዓለም የጥቁር ሕዝቦች ኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ደገሱ። የጃዙ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ነበር። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ ነበር። አልቪን ኤይሊ ከነጨፋሪዎቹ መጣ። የእኛው ጃንሆይም ዳካር ተገኝተዋል። ሆቴል ስላልበቃ ሮሲያ የምትባል የሶቪየት መርከብ ወደብ ላይ ቆማ እንግዳ አሳደረች። ሶቪየቶች ፊልም ሠሩ። አሜሪካኖችም ሠሩ። የአሜሪካውን የሠራው ዊልያም ግሪቭስ ነው። የላከው የአሜሪካ መንግሥት የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት አምስት ደቂቃ የምትሆን የዜና ቁራጭ ነበር ያዘዘው። ሰውየው ያየውን አይቶ 40 ደቂቃ ይዞ ተመለሰ። ፊልሙ አፍሪካ ውስጥ ለዓመታት ታየ። አሜሪካ ውስጥ ግን አይታይም! ያ መሥሪያ ቤት የሚሠራውን ፊልም ለራሱ ሕዝብ እንዳያሳይ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሕግ ነበረ። ሕጉ እስኪላላ ድረስ የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ የራሱን ሰዎች፣ ዱክን፣ ሂዩዝን፣ በዳካር አደባባይ ማየት አልቻለም።

እነሱን ሕግ ከለከላቸው። እኛን ማን ከለከለን? ማንም። የጠየቀ የለም፣ ያመጣም የለም። እጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይሄው ነው።

ሌጎስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1977 የተደገሰውን ፌስታክ የሚባል የጥቁርና የአፍሪካ ባህል ፌስቲቫል አላነሣም። እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ ብቻውን አንድ ገጽ ይወስድብኛል።

ፊልም እንዴት እንደሚጠፋ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ይህን በአፍንጫዬ ነው የማውቀው። አባቴ በወጣትነቱ ሲኒማ ቤት ፊልም ያሽከረክር ነበር። ከዋናው ፊልም በፊት የሚታየውን አጭር ዜና ሲያወራልኝ ነው ያደግሁት። እሱ ካረፈ በኋላ የ1955ቱን ጉባኤ ምስልና ድምፅ ባገኝ ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሦስት ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተባልኩ። በአራተኛው ቀን አንድ ደግ ሰው ቁልፍ ይዞ ምድር ቤት አወረደኝ። በሩ ሲከፈት የመጣብኝ ሽታ ሰላጣ ሰላጣ ይላል። አቼቶ! ዘወር ብዬ ምሳ የሚበላ ሰው ፈለግሁ። የለም። የሚሸተው ፊልሙ ነው።

የዱሮው ፊልም የሚሠራው ከአሴቴት ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲነካው መበስበስ ይጀምራል፤ ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲድ ያው አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። ክፋቱ ይዛመታል። አንዱ ቆርቆሮ ከጀመረ ጎረቤቱንም ይዞ ይሄዳል። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ በመጨረሻ እንደ ደረቀ ቆጮ ይሰባበራል። መድኃኒቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ነው፤ እሱም ያዘገየዋል እንጂ አይፈውሰውም። ደጉ ሰው አንዱን ቆርቆሮ ሊከፍትልኝ ሞከረ። ክዳኑ ዝጎ እምቢ አለ። በቁልፉ ጫፍ ዙሪያውን ፈለፈለው። ሲከፈት ውስጡ አንድ ወጥ የሆነ ጥቁር ነገር ነው፤ ቂጣ ይመስላል። ጥቅልሉ ተጣብቋል። ምን እንደነበረበት ለማንበብ ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ። ወረቀቱን አይጥ በልቶታል። ሰውየው ክዳኑን መልሶ ገጠመና ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሰው። ምን ያድርግ?

የክላይን ፊልም ይህ አልደረሰበትም፤ ፓሪስ ያሉ ሰዎች ሥራውን ይጠብቃሉ። ያን ዘመን ግን ክላይን ብቻ አልቀረጸውም። የድርጅቱ ሰዎች ጽፈዋል፣ ፎቶ አንሥተዋል፣ ድምፅ ቀድተዋል። አልጀርስ ላይ የወጣው የመላ አፍሪካ የባህል ማኒፌስቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ፖርት ሉዊ ላይ በጸደቀው የባህል ቻርተር ውስጥ ተጠቅሷል። በ2006 ካርቱም ላይ በጸደቀውም ውስጥ ተጠቅሷል። እናንተ ወረቀቱን በደንብ ትጠብቃላችሁ፤ ይህን አልክድም። የ2021ን ዓመትም የኪነ ጥበብ፣ የባህልና የቅርስ ዓመት ብላችሁ ሰይማችሁ ነበር። ጥሩ ስም ነው። እኔ ያን ዓመት ማስክ አድርጌ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ስለነበር የደረሰኝ ነገር የለም፤ በዚህ አልፈርድባችሁም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የፊልሙ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችሁ ካለ አውጡት። ከሌለ ያሠራችው አልጄሪያ አባል አገራችሁ ናት፤ ኤምባሲዋም እዚሁ ከተማ ነው። አንድ ስልክ ነው። ከዚያ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ይሠራለት። አማርኛ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን እዚህ ቁጭ ብላችሁ የምትጠጡትን ቡና የሚያፈላው ሰው አማርኛ ነው የሚያወራው። መዝሙራችሁንም ግጥሙን የጻፈው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው።

የት ይታይ? አፍሪካ አዳራሽ የእናንተ ሳይሆን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) መሆኑን አውቃለሁ። ግን ድርጅቱ የተወለደው እዚያ ነው፤ እድሳቱም እ.ኤ.አ. በ2024 አልቆ ተከፍቷል። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት ባለበት ሕንፃ ውስጥ ማኬባን በስክሪን ማየት፣ ይህን አስባችሁት ታውቃላችሁ? ካልተፈቀደ ደግሞ መስቀል አደባባይ አለ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ኳስ በትልቅ ስክሪን የሚያይ ሕዝብ ይህንንም ያያል። ቆሎ ሻጩም ደስ ይለዋል። ብቻ ባጅ የማይጠየቅበት ቦታ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አልጀርስ የሄደ፣ ወይም ያን ጊዜ በድርጅቱ ቢሮ ጸሐፊም፣ አስተርጓሚም፣ ሾፌርም ሆኖ ይሠራ የነበረ ሰው ካለ ፈልጉት። እ.ኤ.አ. በ2029 ፌስቲቫሉ 60 ዓመት ይሞላዋል። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ 80 ይሆነዋል ማለት ነው። ድምፃቸውን የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ክፍያ አልጠይቅም። እነሱ ስቱዲዮ መምጣት አይጠበቅባቸውም፤ ማይክሮፎኔን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። ሽማግሌ ሲያወራ ከበስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ይሰማ፤ አላጠፋውም።

ፊልሙ በሚታይበት ቀን የድምፁን ነገር ለእኔ ተዉት። ጓደኛዬም ሳክስፎኑን ይዞ ይመጣል፤ ከፊልሙ በኋላ ከከበሮና ከማሲንቆ ጋር ሊተዋወቅ ይፈልጋል። ልምምድ አያስፈልገንም ብሏል። ቀኑን ወስናችሁ ንገሩን። ወንበር ከጎደለ ቆመን እናያለን።

ጄኔሬተር ግን አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ድምፅ ቀጂ ጎረቤታችሁ

ግልባጭ፦ ለሳክስፎን ተጫዋቹ ጓደኛዬ